«ብላ እንጂ!» እና «ተው፣ አትብላ!»



ይቺን የምጽፍላችሁ ከዳለስ ኤርፖርት የታክሲ ማቆያ ሆኜ ነው። ከፊቴ የተሰለፈውን መኪና ስቆጥር 40 ላይ ደከመኝና ተውኩት። ስለዚህ ጊዜ አለኝ። እናንተም ጊዜ ካላችሁ አንብቡ፣ ከሌላችሁ እንደ ልማዳችሁ ላይክ አድርጋችሁ እለፉ። ጽሑፌ ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም። ስለ ኡበርም አላለቅስም። ዛሬ የማወራው ስለ አንጀቴ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም። እኔም በራሴ እስኪደርስ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ማን እንደሆነ አልናገርም። እንደኛው መኪና የሚነዳ፣ 30 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ክሮንስ አለብዎት ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። እፎይ ሲል በስልኩ ተሰማኝ። ለካ እሱም በሽታው ከታወቀለት ዓመት አልፎታል። ለእናቱ አልነገረም። ለጓደኞቹ «ጨጓራ ነው» ብሏቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። ለምን? ቲክቶክ ላይ አንዱ «አንጀታችሁን በምግብ ብቻ አድኑ» ሲል ሰምቶ። እንጀራ ተው፣ ወተት ተው፣ ሥጋ ተው፣ ዘይት ተው፣ ፍራፍሬ ተው፤ ጠዋት ተልባ፣ ማታ ማር በጥቁር አዝሙድ።

«አሁን ስንት ኪሎ ነህ?» አልኩት።

«51» አለኝ።

ልጁ ከኔ በጭንቅላት ይረዝማል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መንገደኛ ጭኜ ወደ ቤተዝዳ ስሄድ መታጠፊያዬን አለፍኩት። ሃያ ዓመት የነዳሁበትን መንገድ! ልጁን እያሰብኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማስበው ራሴን ነበር፤ የዛሬ ስምንት ዓመቱን ራሴን።

እኔ ሲጀምረኝ «አሜባ ነው» ነበር ያልኩት። የኛ ሰው ሆዱን ካመመው ወይ አሜባ ነው፣ ወይ ጃርዲያ ነው፣ ወይ ጨጓራ ነው፤ አራተኛ በሽታ አናውቅም። ከአገር ቤት በመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ቲኒዳዞል አይጠፋም። ዋጥኩ። ቀለል አለኝ፣ ተመልሶ መጣ። እንደገና ዋጥኩ። ደም ማየት ስጀምር «ኪንታሮት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ስለምትነዳ ነው» ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ለባለቤቴ ስምንት ወር ሙሉ አልነገርኳትም። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ መታጠቢያ ቤት እየተጠቀምን!

ሐኪም ዘንድ ስሄድ እንድታስተረጉምልኝ የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ በቀን ስንት ጊዜ እንደምወጣ፣ ደም እንዳለውና እንደሌለው ጠየቀች። ልጄ ጥያቄውን በአማርኛ ልትነግረኝ ስትል ቃሉ ጠፋት። እኔ ደግሞ ቃሉን እያወቅኩት በልጄ ፊት ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ትንሽ ሆዴን ይነፋኛል በያት» አልኩ። ትንሽ ሆዴን ይነፋኛል! በቀን 12 ጊዜ እየተመላለስኩ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳሁ። የሆድ መነፋት ኪኒን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሐኪሟን አልወቅስም፤ የነገርኳትን ነው ያከመችው።

አሜሪካ ላላችሁ በዚህ አጋጣሚ ልንገራችሁ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክም ቢሆን ያገናኟችኋል። ልጆቻችሁን ለዚህ ጉዳይ አትውሰዱ። እናንተ ታፍራላችሁ፣ ልጁ ይሳቀቃል፣ ሐኪሙ እውነቱን አያገኝም።

የኔ ነገር የታወቀው መሪ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨልሞብኝ ኢመርጀንሲ ከገባሁ በኋላ ነው። ደሜ ወርዶ ነበር። ኮሎኖስኮፒ አደረጉልኝና ክሮንስ አሉኝ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። የአንጀት መቆጣት በሽታ የሚሉት በዋናነት ሁለት ነው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የሚይዘው ትልቁን አንጀት ነው። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ስሙ የመጣው በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው የኒውዮርክ ሐኪም ከበሪል ክሮን ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ሲወጋ የሚመጣ ነገር ነው። አሜባ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ ቡዳም አይደለም (አማቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ)። አይቢኤስ ከሚባለውም ይለያል፤ ያኛው ሆድ ያስጨንቃል እንጂ አንጀት አያቆስልም። እኔ ሹፌር ነኝ፤ የቀረውን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ምግቡ።

የኔ ወሬ ሲወጣ ወዳጅ ዘመድ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን «ብላ እንጂ!» ባይ ነው፣ ሌላው «ተው፣ አትብላ!» ባይ።

«ብላ እንጂ» ባዮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ክርስትና ቤት ገብታችሁ ሰሃናችሁ ላይ ሩዝና ድንች ብቻ ከታየ ቤቱ በሙሉ ይታመማል። አንዲት የምወዳቸው እትዬ አሉ። ማኅበር የወጡ ዕለት ዶሮውን በእጃቸው ጠቅልለው ይመጡና «በሞቴ!» ይላሉ። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ ሰው ምን ይላል? እጎርሳለሁ። ሁለተኛው ይመጣል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏላ። ከዚያ ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ጉልበቴን አቅፌ አነጋለሁ። በማግስቱ ደውለው «ምነው ትላንት ቶሎ ወጣህ፣ ምግቡ አልጣመህም እንዴ?» ይሉኛል። «ሥራ ነበረብኝ እትዬ» እላለሁ። እሳቸው ምን ያድርጉ? አልነገርኳቸውም።

«አትብላ» ባዮቹ ግን ይብሳሉ። አንዱ ግሉተን ነው ይላል፣ ሌላው ወተት ነው ይላል። አንዱ ደግሞ ከጀርመን በቫይበር ደውሎ ጎረቤቱ በካሮት ጭማቂ እንደዳነ አንድ ሰዓት ያስረዳኛል። እኔም የሁሉንም ሰማሁ፤ የተባልኩትን ሁሉ ተውኩ። በአምስት ወር ውስጥ ከ74 ኪሎ 58 ገባሁ። አንድ ቀን ቀበቶዬን በምስማር ስበሳ ልጄ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ያን ጊዜ ሐኪሜ ዳይቲሺያን ጋ ላከችኝ። ሴትየዋ የምበላውን ጠየቀችኝ፣ ዘረዘርኩላት። ዝርዝሩ በሦስት መስመር አለቀ። ብዕሯን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ክሮንስ አንድ በሽታ ነው። ረሃብ ሁለተኛ በሽታ ነው። ሁለተኛውን የጨመርከው አንተ ነህ።»

እንግዲህ የኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ ያልተስማማችሁ ከታች ጻፉ። የአንጀት ሕመምተኛን «ተው፣ አትብላ» እያልን ከበሽታው እኩል የምንጎዳው እኛው ነን። ሰውየው የሚበላውን ከማሳጠር ይልቅ የሚበላውን ማብዛት ነው ያለበት። ቀስ እያለ፣ አቅዶ፣ ቀን እየመረጠ፣ መድኃኒቱን ሳይተው። ያ ደግሞ ተደብቆ አይሆንም፤ የሚያበሉት ሰዎች ማወቅ አለባቸው።

ምግብ ምንም አያደርግም የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል። ክሮንስ ያለባቸውን ልጆች ለሳምንታት በፈሳሽ ምግብ ብቻ የሚያክሙበት መንገድ አለ። እሱ ግን ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል ነው። ስለ አመጋገብ ደግሞ በ2021 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነበር። እህልን፣ ስኳርንና አብዛኛውን የወተት ተዋጽኦ የሚከለክለውን ጥብቅ አመጋገብ ከሜዲትራኒያን አመጋገብ ጋር በክሮንስ ሕመምተኞች ላይ አወዳደሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጥብቁ ከቀላሉ በልጦ አልተገኘም። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው ምክር፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ በስተቀር ሕመምተኞች በሙሉ የሜዲትራኒያኑን ቢከተሉ ይሻላል ብሏል።

ሜዲትራኒያን ሲባል ፒዛ እንዳይመስላችሁ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት ነው፤ ቀይ ሥጋውን ቀነስ፣ ፋብሪካ የሠራውን ነገር ቀነስ ማድረግ ነው። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ይሄ እኮ የጾም በያይነቱ የአጎት ልጅ ነው! ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ዓሣ። ጣጣው አሠራራችን ላይ ነው። ሽንኩርቱ ተራራ ያክላል፣ በርበሬው በጭልፋ ይገባል፣ ዘይቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። በርበሬ በሽታውን አያመጣም፤ የቆሰለ አንጀት ላይ ግን ያንገበግባል።

የኔ ቤት አሠራር እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የኔ ለእናንተ ላይሆን ይችላል፤ የሁለት ሰው አንጀት አንድ አይደለም።

እኔ ሁለት ዓይነት ቀን አለኝ። በሽታው የተነሳበት ቀን አለ፣ የተኛበት ቀን አለ። ሰው የሚሳሳተው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምግብ ሲይዝ ነው። የተነሳ ዕለት የበላውን ለስላሳ ነገር ለዓመት ይበላል፣ ወይም ደህና ቀን ያስለመደውን ጎመን በተነሳበት ቀን ይደግማል።

ሲነሳ፦ የቡላ ገንፎ (ቡላ ለካ እንዲህ ያለ ጓደኛ ኖሯል፣ አገር ቤት ንቄው ነበር)፣ ሩዝ፣ የተላጠ ድንችና ካሮት በአልጫ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ዶሮ ከነመረቁ፣ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ቃጫው ተጠሎ የወጣለት አጥሚት። ቆዳ ያለው፣ ፍሬ ያለው፣ ጥሬ የሆነ ነገር ይቆያል። በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቤ ከምበላ ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እበላለሁ። እንቁላሉንና ዓሣውን አልዘልም፤ ሰውነት የሚከሳው ያን ጊዜ ነውና። ብዙ ስመላለስ ውኃ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አገር ቤት ለሕፃን ተቅማጥ የምናውቀው ነው፣ ለትልቅ ሰውም ይሠራል። ደም ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ ከጀመረ ግን ወጥ ቤቱን ትታችሁ ኢመርጀንሲ ሂዱ።

ሲተኛ፦ አንድ በአንድ መመለስ ነው። አዲስ ነገር በሦስት ማንኪያ እጀምራለሁ፣ ሦስት ቀን አያለሁ፣ ከዚያ እጨምራለሁ። የምጽፈው የማይል መዝገቤ ላይ ነው። በግራ በኩል ማይልና ቤንዚን፣ በቀኝ በኩል የበላሁትና የሆነው። የታክስ ሠራተኛዬ አንድ ጊዜ አይቶት «ሽሮ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሰላም» የሚለው ምን ዓይነት ወጪ ነው ብሎኛል።

ከዚያ መዝገብ የተማርኩት ብዙውን ጊዜ ከጠረጠርኩት ተቃራኒ ነው። ድፍን ምስር አይስማማኝም፣ የምስር ክክ ግን በደንብ ከበሰለ ይስማማኛል፤ ቆዳው ነው ጠቡ። ሽሮ በልኩ ሰላም ነው። ጎመን ግንዱ ወጥቶለት፣ ደቆ ተከትፎ፣ ረጅም ሰዓት ከበሰለ ይሄዳል። ቡና በባዶ ሆድ ጠዋት ከወሰድኩ ሁለት ማይል አያስነዳኝም፤ ከቁርስ በኋላ ግን አንድ ስኒ እጠጣለሁ። ወተት ደግሞ ምንም አይለኝም! ሰው ስላለኝ ብቻ ሁለት ዓመት በከንቱ ተውኩት፣ ያውም አጥንት የሚያሳሳውን ፕሬድኒሶን እየዋጥኩ። ወተት የማይስማማው ሰው አለ፣ አልክድም። እኔ ግን አልነበርኩም፤ ማንም ሳይሞክር ነው የፈረደብኝ።

እንጀራውን ትጠይቁኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው። ሲነሳ ለጥቂት ቀን እተወዋለሁ፣ ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ቃጫ አለው። ሲተኛ እበላለሁ። «ጤፍ ግሉተን የለውም» ብላችሁ የምትመክሩኝ፣ ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን እዚህ ሱቅ የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበታል፤ ግሉተን በሐኪም የተከለከለ ሰው ከጋጋሪዋ ሳያረጋግጥ አይብላ። እኔን ግሉተን አልከለከሉኝም፤ ያገኘሁትን እበላለሁ።

ፈንዲሻ ግን ተፋተናል። አንጀቴ አንድ ቦታ ላይ ጠባሳ ስላለው ጠቧል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፈንዲሻ፣ ቆሎና ጠንካራ የአትክልት ግንድ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው በፊቴ ሲያልፍ ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞራለሁ።

ክትፎ… እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ ልተንፍስ። በየስምንት ሳምንቱ በደም ሥሬ የምወስደው መድኃኒት የሰውነት መከላከያዬን ዝቅ ያደርጋል። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ነገር ሌላውን ሰው ሁለት ቀን ካስተኛ እኔን ሆስፒታል ያስገባኛል። ስለዚህ ጥሬውም ለብለቡም ቀርቷል። በደንብ የበሰለ አዝዤ አውቃለሁ፤ አስተናጋጁ እንደ ከሃዲ ነው ያየኝ። ያልፈላ ወተትም እንዲሁ።

ለሹፌሮች አንድ ነገር፦ ወገብ ሲያመን አድቪል እንደ ከረሜላ ነው የምንቅመው። አይቡፕሮፌንና ዘመዶቹ ይህን በሽታ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ወገባችሁን ስታመሙ ለሐኪማችሁ ንገሩና የሚሆነውን ይስጣችሁ። ሲጋራም ክሮንስን ያብሳል። ይህን ሁለት ጊዜ አልናገርም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ደም ማነስ ከዚህ በሽታ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ብረቱን በየጊዜው አስለኩ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ የተጎዳበት ሰው ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ በደንብ አይወስድም፣ እኔ በመርፌ ነው የምወስደው። እራት ላይ ሻይ መጠጣት ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ ሻዬን ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ።

ዕቅዱ የሚወጣው እሁድ ነው። ባለቤቴ ወጥ ስትሠራ በርበሬው ከመግባቱ በፊት በትንሽ ድስት ለኔ ትቀንሳለች። አንድ ዓይነት ምግብ ነው፣ ሁለት ቀለም ብቻ። ስለዚህ እሷም ሁለት ጊዜ አትሠራም፣ እኔም ከቤተሰቤ ተለይቼ የሕመምተኛ ምግብ አልበላም። እኔ ድንችና ካሮት እልጣለሁ፣ ዓሣ እጋግራለሁ፣ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር አስገባለሁ። ግማሹ ለደህና ቀን፣ ግማሹ ለክፉ ቀን ነው። የክፉ ቀኑን መጀመሪያ ነው የምሠራው። የተነሳበት ሰው ማብሰል አይችልም፤ ያን ቀን ፍሪዘሩ ባዶ ከሆነ ወይ ይራባል፣ ወይ ማቆያው አጠገብ የተጠበሰ ዶሮና ሶዳ ይገዛል። ታክሲዬ ውስጥ ቴርሞስ መረቅ፣ ሁለት ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኮሮጆ ውስጥ ቅያሬ ሱሪ አለ። ሱሪውን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ታውቁኛላችሁ።

መጸዳጃ ቤት ነገር ለሹፌር የተለየ ፈተና ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቤንዚን ማደያ «ለደንበኛ አይደለም» ብሎ ከለከለኝ። ቤንዚን ቀድቼ እየወጣሁ ነበር! የቀረውን አልነግራችሁም። ኢሊኖይ ውስጥ በ2005 እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሱቅ ውስጥ የሠራተኛውን መጸዳጃ እንዲጠቀም የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። የምትኖሩበት ግዛት እንዳለው እዩ፤ ከሐኪማችሁ ወረቀት አጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ስለ ጾም ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ፍልሰታን እንዳለ ጾምኩ፣ መድኃኒቱንም በባዶ ሆድ እየዋጥኩ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ተቆጡኝ። «ሕመምተኛ ነህ፣ ማን ጹም አለህ?» አሉኝ። ለሙስሊም ወገኖቼም ረመዳን ላይ ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሰዓቱንና መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር፣ የቀረውን ከአባቶቻችሁና ከሼኾቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ከጎረቤት ጋር ግን አትነጋገሩ።

እትዬን ነገርኳቸው። ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ወጥ ቤታቸው ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ደሙንም፣ ሌሊቱንም፣ ሱሪውንም። መጀመሪያ አለቀሱ። ቀጥለው ተቆጡ፤ «ስድስት ዓመት ሙሉ መርዝ እያጎረስኩህ ዝም አልክ?» ብለው። አሁን ማኅበር ሲያወጡ ከሌላው በፊት አንድ ሳህን ድንች አልጫና የተቀቀለ ዶሮ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ጉርሻዋም አልቀረች፤ ድንቹን ነው የሚያጎርሱኝ። «በሞቴ» ማለታቸውንም አልተዉም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ማክሰኞ ማታ ያልኩት ስለ ምግብ አልነበረም። መጀመሪያ ለሐኪምህ ደውል ነው ያልኩት። እነዚህ መድኃኒቶች ሲቋረጡ ሰውነት ይለምድና መድኃኒቱን ራሱን መዋጋት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ከፍሪጅ አውጥቶ ካቆመበት መቀጠልም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሐኪሙ መወሰን አለበት። «ይቆጡኛል» አለኝ። ይቆጡህ አልኩት። ትላንት አብሬው ሆኜ፣ እኔው መኪና ውስጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ማንም አልተቆጣም። ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ሰጡት፤ ከዚያ በፊት ደምና ሰገራ ይመረመራል። ሰገራው ላይ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ነገር ይለካሉ፤ አንጀቱ ምን ያህል እንደተቆጣ ያሳያል። ልጁ «እኔ እኮ ተልባው የሠራልኝ መስሎኝ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ደህና ነበርኩ» አለኝ። በሽታው እንደዚያ ነው፤ ደህና ነኝ እያላችሁ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

ለእናቱ ገና አልነገረም። አልገፋሁትም። እኔ ሚስቴን ስምንት ወር ያታለልኩ ሰው ምን አፍ አለኝ?

እሁድ እኛ ቤት ይመጣል፤ ዕቃ ይዞ፣ አብረን ልንቀቅልና ልንከፋፍል። ባለቤቴ «ምን ይበላል?» ብትለኝ «ለምን አትጠይቂውም?» አልኳት። ደወለችለት። ብዙ ዝም አለ አለችኝ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ይሆናል። ከዚያ ድንች፣ ዓሣ፣ «ካላስቸገርኩ ደግሞ ትንሽ እንጀራ ብሞክር» አለ።

መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክስ እያደረገብኝ ነው። ቻው።